ከአፈር በላይ የሚታይ ሥር፤ ከሜፕል ቦንሳይ እስከ ብቸናና ሞጣ ችግኝ ጣቢያ

በሳህን ውስጥ ድንክ ሆኖ የሚያድገው የቦንሳይ ዛፍ ዕድሜ የሚነበበው ከግርጌው ነው። ግንዱ ወደ አፈር ሲቃረብ ሰፋ እያለ ሄዶ፣ ከዙሪያው ወፋፍራም ሥሮች በየአቅጣጫው ወጥተው አፈሩን ጨብጠው ሲታዩ፣ ቁመቱ ከክንድ የማያልፍ ዛፍ የመቶ ዓመት ባለጸጋ ይመስላል። ይህ ከሌለ ቅርንጫፉ የቱንም ያህል ቢያምር ዛፉ ትናንት ተሰክቶ የተረሳ እንጨት ሆኖ ይቀራል። ጃፓኖች ይህን ከአፈር በላይ የሚታይ ሥር ኔባሪ ይሉታል፤ በሜፕል ላይ ያደረሱት ደረጃም በሌላ ዛፍ ላይ እምብዛም አይታይም። እዚህ የሚዳሰሰው ጥያቄ ሁለት ፊት አለው። ያ ግርጌ በምን ሥራ ይገኛል? ሜፕል በማይበቅልበት በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ ደጋ ላይ፣ ያ ሥራ ለማንና ለምን ይጠቅማል? ማስረጃው ሁሉ ሲታይ ወደ አንድ ድምዳሜ ያመራል። ውብ ግርጌ የሚወሰነው ችግኙ ገና እርሳስ ሳያክል፣ ከአፈር በታች በሚደረግ መቁረጥና አቀማመጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ጥገና ነው፤ ጥገና ደግሞ ውድ ነው። ለቦንሳይ የሚሠራው ይህ ሕግ በየቀበሌው ችግኝ ጣቢያ በጥቁር ፕላስቲክ ለሚፈላው ችግኝም ይሠራል፤ በዚያ ግን ብዙ ጊዜ ተዘንግቶ ይገኛል።

ሜፕል በተፈጥሮው የእስያ፣ የአውሮፓ፣ የሰሜን አሜሪካና የሰሜን አፍሪካ ዛፍ ነው፤ ከሰሃራ በታች ያለው የአፍሪካ ምድር አገር በቀል ሜፕል የለውም። ለቦንሳይ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ቅጠሉ እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለው የጃፓን ሜፕልና ቅጠሉ ባለ ሦስት ሹል የሆነው ትራይደንት ሜፕል። ሁለቱም ለላይ ሥር የሚመረጡበት ምክንያት ከውበት በፊት የአካል ጠባይ ነው። ሥራቸው ሲቆረጥ በፍጥነት ይተካል፤ ሁለት ሥሮች ጎን ለጎን ተነካክተው ሲወፍሩም ቀስ በቀስ ተጣብቀው አንድ አካል ይሆናሉ። ትራይደንት ሜፕል በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ የለውም። በዓመታት ውስጥ ሥሮቹ ተዋህደው ግርጌው በሙሉ የቀለጠ ሰም የፈሰሰበት መስሎ ይዘረጋል። ከ1923 እ.ኤ.አ የካንቶ ርዕደ መሬት በኋላ ከቶኪዮ ወጥተው በ1925 በኦሚያ መንደር የመሠረቱት አትክልተኞችና ተከታዮቻቸው፣ ከ1934 ጀምሮ በሚካሄደው የኮኩፉ የቦንሳይ ትርዒት ያቀረቧቸው ሜፕሎች ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን መለኪያ አቁመዋል። መለኪያው ግን በአንድ ሰው እጅ ተጀምሮ የሚያልቅ አይደለም፤ ከእነዚያ ዛፎች ብዙዎቹ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ የተላለፉ ናቸው።

ሥራውን ለመረዳት ዛፉ ምግቡን እንዴት እንደሚያከፋፍል ማየት ያስፈልጋል። ቅጠል የሠራው ስኳር በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል በኩል ወደ ታች ይወርዳል፤ ከለጋው ቡቃያ ጫፍም ኦክሲን የተባለው የእድገት ሆርሞን አብሮ ይወርዳል። ግንድም ሥርም የሚወፍረው ይህ በሚያልፍበት መጠን ነው። በዘር የበቀለ ችግኝ መጀመሪያ የሚያወጣው ወደ ታች የሚወርድ አንድ ዋና ሥር ስለሆነ፣ ካልተነካ የወረደውን ሁሉ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ የጎን ሥሮቹም ቀጭን ሆነው ይቀራሉ። ዋናው ሥር ሲቆረጥ ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል። ጫፉ በሌሎቹ ላይ የነበረው የበላይነት ስለሚቀር ከተቆረጠበት ኋላ አዳዲስ የጎን ሥሮች ይፈነጥቃሉ፤ ድርሻውም ወደ ጎኖቹ ይዞራል። የላይ ሥር ሥራ ሁሉ ከዚህ አያልፍም። ወደ ታች የሚወርደውን እየከለከሉ ወደ ጎን የሚሄደውን ማብላት ነው። ስለዚህም ሥር ሊያወፍር የፈለገ ሰው ቅጠል ማብዛት አለበት። ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች በኋላ ሊቆርጡት ያሰቡትን ቅርንጫፍ ለብዙ ዓመት ያለ ገደብ የሚለቁት ለዚህ ነው፤ ቅርንጫፉ የሚፈለገው ሥሩን እስኪቀልብ ድረስ ብቻ ነው። ዛፉን ገና ከጅምሩ በጠባብ ሳህን አስገብተው በየሳምንቱ ጫፉን የሚቀነጥቡት ሰዎች ግርጌው አልሰፋ ሲላቸው የሚገረሙትም ይህንን ስለሚስቱ ነው።

በሜፕል ላይ ሥራው የሚጀመረው ብርዱ ሊያልቅ ሲል፣ ቡቃያው አብጦ ገና ሳይፈነዳ ነው። ችግኙ ከዕቃው ይወጣል፤ አፈሩ በቀጭን መንጠቆ ከግንዱ ሥር ወደ ውጭ እየተበጠረ ይራገፋል፤ ከዚያም ግንዱ ይገለበጣል። ልብ የሚባለው ያኔ የሚታየው የታችኛው ፊት ነው። ቀጥ ብሎ የወረደ ሥር ሁሉ ከግንዱ ጋር እኩል ሆኖ በስለታም መቀስ ይቆረጣል። በሌላው ላይ ተሻግሮ የሄደ፣ ዞሮ ወደ ግንዱ የተመለሰ፣ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ የወጣም ይወገዳል። የቀሩት በአንድ ወለል ላይ እንደ መንኮራኩር ዘንግ ዙሪያውን ተከፋፍለው ይዘረጋሉ፤ ከታቸውም ጠፍጣፋ ሸክላ ወይም ጣውላ ይደረጋል። ጣውላው የሚያገለግለው ሥር እንደገና ወደ ታች እንዳይወርድ ለመከልከል ነው። አንዳንዶች ሥሮቹን በሚፈልጉት አቅጣጫ ለማቆየት በየመካከላቸው ትናንሽ ሚስማር ይመታሉ። ከዚያ ሁሉም በአፈር ይሸፈናል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሥሩ እንዲታይ ስለሚፈልግ ገና ቀጭን ሳለ ይገልጠዋል። የተገለጠ ቀጭን ሥር ይደርቃል ወይም ባለበት ይቀራል፤ የሚወፍረው እርጥበት ባለበት፣ ከላዩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አፈር ለብሶ ነው። መግለጥ የመጨረሻው ዓመት ሥራ ነው። ይህ ሁሉ በለጋነት ዘመኑ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይደገማል። በተደገመ ቁጥር የሚቆረጠው አንድ ነገር ነው፤ ከሌሎቹ ቀድሞ የወፈረው። ወፍራሙ አጠር ሲደረግ ቀጫጭኖቹ ይደርሱበታል፤ ካልተነካ ግን ዛፉ በአንድ እግር የቆመ ይመስላል።

ግንዱ ከወፈረ በኋላ ግርጌው መጥፎ ሆኖ ሲገኝስ? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አዲስ ግርጌ ከላይ መፍጠር ነው። ሥር እንዲወጣ በሚፈለግበት ቦታ ላይ ቅርፊቱ ዙሪያውን፣ ቢያንስ የግንዱን ውፍረት ያህል ስፋት ባለው ቀለበት ይላጣል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው አረንጓዴ እርጥብ ሽፋንም እንጨቱ እስኪታይ ይፋቃል። ውኃ በእንጨቱ ውስጥ ሽቅብ መውጣቱን ስለሚቀጥል ቅጠሉ አይጠወልግም፤ ወደ ታች የሚወርደው ስኳርና ኦክሲን ግን ቀለበቱ ላይ ደርሶ ይቆማል። እዚያ በተጠራቀመበት ጠርዝ ላይ፣ እርጥብ የዛፍ ሽበት ወይም ቀላል አፈር ከታሠረበት፣ በሜፕል ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ሥር ዙሪያውን ይፈነጥቃል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ግርጌ በአንድ ወለል ላይ ዙሪያውን የተካፈለ ስለሆነ ከዘር ከሚገኘው ብዙ ጊዜ የተስተካከለ ነው። ሁለተኛው መንገድ ክፍተት ባለበት በኩል የሌላ ለጋ ችግኝ ግንድ አጠጋግቶ ማዳቀል ነው። በግንዱ ግርጌ ላይ ትንሽ ቦይ ይቆረጣል፤ ችግኙ እዚያ ገብቶ በሚስማር ይያዛል፤ ሁለቱ ሲዋሃዱ ከላይ ያለው የችግኙ ክፍል ተቆርጦ ሥሩ ብቻ ይቀራል። በቅርብ የሚያይ ሰው እንኳ በአምስተኛው ዓመት መጋጠሚያውን ማግኘት ይቸገራል። እነዚህ ዘዴዎች የሚያስደንቁ ናቸው፤ የቦንሳይ ጽሑፎችም በእነሱ የተሞሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም በመጀመሪያው ዓመት በአንድ መቀስ ሊሠራ ይችል የነበረውን ሥራ በአሥረኛው ዓመት በብዙ ድካም የሚመልሱ ናቸው። በዘዴዎቹ መራቀቅ የተማረከ አሳዳጊ ይህን ሲዘነጋ፣ ጥገናውን ዋና ሥራ፣ ዋናውን ሥራ ደግሞ ተራ ነገር አድርጎ ያያል።

ስለ ውበቱ ራሱ ክርክር አለ። አንዳንድ ሜፕሎች ግርጌያቸው ከሚገባው በላይ ሰፍቶ፣ ሥሮቹ ሁሉ ተዋህደው እንደ ምጣድ ክብና ጠፍጣፋ ሆነዋል፤ ተቺዎች ይህ ዛፍ ሳይሆን ዕቃ ነው ይላሉ። ትችቱ መሠረት አለው። በተፈጥሮ የቆመ አሮጌ ዛፍ ሥሮቹ እኩል አይደሉም፤ ቁልቁለት ባለበት በላይኛው በኩል የሚጎትት፣ በታችኛው በኩል የሚደግፍ ወፍራም ሥር ይኖረዋል። ለዚህ ምስክር ለመፈለግ ጃፓን መሄድ አያስፈልግም። የጎጃም ወርካ ጥላው ከብዙ ቤት ጣሪያ ሰፍቶ፣ ግርጌው ደግሞ ከግንዱ ተነጥሎ በማይታይ ሁኔታ ወደ መሬት ሲፈስ ይታያል። የሰው ጭን የሚያክሉ ግራጫ ሥሮች ከግንዱ ወጥተው ጥቂት ርምጃ ያህል በመሬት ላይ ከሄዱ በኋላ ይሰምጣሉ፤ ሽማግሌ ለእርቅ ሲቀመጥ፣ እረኛ ሲያርፍ መቀመጫ የሚሆኑትም እነዚያ ናቸው፤ ብዙ ሰው የተቀመጠበት ሥር ጀርባው ለስልሶ ያብረቀርቃል። ሁለቱም ወገን ሊስማማበት የሚገባ መለኪያ ከዚህ የሚወሰድ ነው። ሥሩ ከግንዱ ሲወጣ ወፍራም፣ ሲርቅ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ከዚያም ሳይቆራረጥ ወደ አፈር የሚገባ ይሁን፤ እኩልነቱ የግድ አይደለም። በምጣድ ግርጌ ላይ የሚቀርበው ትችት ትክክል የሚሆነውም ይህ መቅጠን ስለሚጠፋ ነው።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ብቸናና ሞጣ ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ የደጋ ከተሞች ናቸው፤ አንዱ የእነማይ፣ ሌላው የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ሊኖር ይችላል። ቅዝቃዜውን ብቻ ያየ ሰው ሜፕል ይስማማዋል ሊል ይችላል። ነገር ግን ሜፕል ቅጠሉን አርግፎ የሚተኛው የቀኑ ማጠርና ረዥም ተከታታይ ብርድ ተጋግዘው ሲያዙት ነው። በቶኪዮ በዓመቱ ረዥሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል፤ በብቸና አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው። ውርጭ ባደረበት ማግሥት እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። እንዲህ ባለ አገር ሜፕል በቂ እንቅልፍ አያገኝም፤ የመቁረጫ ጊዜውን የሚያመለክተው የቡቃያ ማበጥም ሥርዓቱን ያጣል። ስለዚህ ዘሩን ከውጭ ለማስመጣት የሚደረገው ድካም ትርፍ የለውም። ዘዴውን ወስዶ ዛፉን መተው ይሻላል።

በምትኩ የሚሆኑት ደጃፍ ላይ ያሉት ናቸው። ከሁሉ የሚቀርበው ጭብሃ ነው። ከወርካና ከሾላ ጋር አንድ ወገን ሆኖ፣ ቁራጩ ተተክሎ በቀላሉ ይይዛል፤ እርጥበት ካገኘ ከግንዱ ላይ እንኳ ሥር ያወርዳል፤ ሥሮቹም እንደ ትራይደንት ሜፕል ሲነካኩ ይዋሃዳሉ። ከቁራጭ ስለሚጀመር ዋና ሥር የሚባል ነገር የለውም፤ ሜፕል አሳዳጊው በመጀመሪያው ዓመት በመቀስ የሚያገኘውን ጥቅም ጭብሃ በተፈጥሮው ይዞ ይመጣል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ስለሚያፈስ፣ ወተቱ እስኪደርቅ ጥቂት ጠብቆ በአፈር መሸፈን ይገባል። ወይራ ሌላ ጠባይ አለው። ደቡብ አፍሪካውያን ይህንኑ የዱር ወይራ ለቦንሳይ ከሚመርጧቸው ዛፎች ቀዳሚ አድርገውታል፤ እንጨቱ ጠንካራ፣ ቅጠሉ ትንሽ፣ ግንዱም ሲያረጅ የሚቦረቦርና የሚጠማዘዝ ነው። ግን የሜፕልን ሕግ በወይራ ላይ እንዳለ መጫን አደጋ አለው። በወይራ አንድ ወፍራም ሥር በአብዛኛው የሚመግበው ከበላዩ ያለውን የግንድ ጎንና ቅርንጫፍ ነው፤ ሥሩ በአንድ ጊዜ ከተቆረጠ በዚያ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ በወይራ ላይ ወፍራም ሥር በሁለት በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ያጥራል። ዋንዛና ብሳና ቅጠላቸው ሰፊ ስለሆነ ለትንሽ ዕቃ አይመቹም፤ በእነሱ መድከም አያዋጣም።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የጥቂት አፍቃሪዎች ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ወደ ችግኝ ጣቢያ ሲገባ ግን መልኩ ይለወጣል። በመደብ ላይ የበቀለ ቡቃያ ወደ ፕላስቲክ ሲዛወር ምን እንደሚሆን እንይ። ሠራተኛዋ በእንጨት ወይም በጣቷ ቀዳዳ ትከፍታለች፤ ቡቃያውን ትከታለች፤ አፈሩን ትጫናለች። የቡቃያው ሥር ከቀዳዳው ከረዘመ ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ እንደ መንጠቆ ሆኖ ይቀራል። ከላይ ምንም አይታይም፤ ቅጠሉ ለምልሞ ይቆማል። ሥሩ ከዚያ በኋላ የሚያድገው ከታጠፈበት ነው። ሁለተኛው ጉዳት ከፕላስቲኩ ግድግዳ ይመጣል። ሥር ለስላሳ ግድግዳ ሲያገኝ አቅጣጫ ይለውጥና ዙሪያውን ይሄዳል። በአንድ ክረምት ሳይተከል ቀርቶ ለቀጣዩ ዓመት የተላለፈ የግራቪሊያ ችግኝ ፕላስቲኩ ቢላጥ፣ ሥሩ ግድግዳውን ተከትሎ ደጋግሞ ዞሮ፣ ከታች ደግሞ ተቋጥሮ ይገኛል፤ አፈሩ ተራግፎ እንኳ ሥሩ የፕላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ይቆማል። እንዲህ ያለው ሥር ከተተከለም በኋላ ዙሩን አይፈታም፤ እየወፈረ ሲሄድ ራሱን ግንዱን ያንቃል፤ ወይም ዛፉ ቁመት አግኝቶ ንፋስ ሲመታው ከግርጌው ይገነደሳል። ቦንሳይ አሳዳጊ በሁለተኛው ዓመት ገልብጦ የሚያየውን ጉድለት፣ የተራራ ተከላ የሚያየው ዛፉ ሲወድቅ ነው።

ኢትዮጵያ የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከጀመረችበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የችግኝ ወሬ በቁጥር የሚነገር ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። በኋላም የጽድቀት መጠን መቆጠር ጀመረ፤ ይህም ተገቢ ርምጃ ነው። ጽድቀት ግን የሚለካው ከላይ በሚታይ ለምለምነት ነው፤ መንጠቆ የሆነ ሥርና ዙሪያውን የተጠመጠመ ሥር ያለው ችግኝም ጸድቋል ተብሎ ይቆጠራል። መፍትሔው አዲስ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሲዛወር ረዥሙን ሥር በምላጭ አሳጥሮ ቀጥ አድርጎ ማስገባት፤ ፕላስቲኩን ከታች ክፍት አድርጎ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ በማስቀመጥ የወጣው ሥር በአየር ደርቆ እንዲቆም ማድረግ፤ አልጋ ከሌለ ደግሞ በየጊዜው እያነሱ ከታች የወጣውን መቁረጥ፤ በተከላ ቀን ፕላስቲኩን አውልቆ የታችኛውን ቋጠሮ ቆርጦ ጎኑን ከላይ እስከ ታች በሁለት ሦስት ቦታ በምላጭ መሰንጠቅ ናቸው። እነዚህ ሥራዎች ለሜፕል ከሚደረገው ጋር መንትያ ናቸው። የችግኝ ጣቢያ ባለሙያዎች አብዛኞቹን በሥልጠና ሰምተዋቸዋል፤ የሚቀሩት ሐምሌ ሲደርስ ቁጥሩ ስለሚያስቸኩል ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ የዋና ሥር ጉዳይ ነው። ዋናው ሥር ካልወረደ ዛፉ በበጋ ይጠማል፣ በንፋስም ይወድቃል የሚል ገበሬ ያለ ምክንያት አይናገርም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ድርቀት ጥልቀት ያለው ሥር ሕይወት ነው። ሆኖም ተቃውሞው ሁለት ነገር ያቀላቅላል። በቦንሳይ ዋናው ሥር ለዘለዓለም ይከለከላል፤ ውኃውን ሰው ስለሚሰጠው። በችግኝ ጣቢያ የሚቆረጠው ግን ጫፉ ነው፤ ከተቆረጠበት የሚፈነጥቁት አዳዲስ ሥሮች መሬት ሲያገኙ ወደ ታች ይወርዳሉ። የተጠማዘዘ ዋና ሥር በአንጻሩ ሳይቆረጥም አይወርድም። በተጨማሪም ያደገ ዛፍ የሚቆመው በአብዛኛው በጎን ሥሮቹ ነው፤ ከሥሮቹ የሚበዙት የሚገኙት በላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። የእነማይ ዋልካ መሬት ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያከብደዋል። ዋልካ በክረምት ውኃ ይዞ ሥሩን አየር ይነፍገዋል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ በአንድ በኩል ብቻ የተዘረጋ ሥር ያለው ዛፍ ስንጥቁ በዚያ በኩል ካለፈ መጠባበቂያ የለውም፤ ዙሪያውን የተካፈለ ሥር ያለው ግን አንዱን ቢያጣ ሌላው ይይዘዋል። ውበት ተብሎ የሚፈለገው ቅርጽና ለመቆም የሚያስፈልገው ቅርጽ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ የሚያሳስብ ነው። ሥሩ ከመሬት በላይ የወጣ ዛፍ በጎጃም ቁልቁለት ሞልቷል፤ ያ የውበት ሳይሆን የአፈር መታጠብ ምልክት ነው፤ ታዲያ የተገለጠ ሥርን ማድነቅ ጉዳትን ማድነቅ አይሆንም ወይ? ምልክቱ እውነት ነው። በምዕራብ ጎጃም ደንበጫ አጠገብ ያለው የአንጀኒ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከ1984 እ.ኤ.አ ጀምሮ የመታጠቡን መጠን የተከታተለ ሲሆን፣ ከእንደነዚህ ያሉ ጣቢያዎች በመነሳት ተመራማሪው ሃንስ ሁርኒ የኢትዮጵያ ደጋ የእርሻ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በዓመት እንደሚያጣ ገምተዋል። በጎርፍ የተገለጠ ሥርና በእድገት የሰፋ ግርጌ ግን ለሚያይ ዓይን ይለያያሉ። በጎርፍ የወጣው ሥር ከሥሩ ባዶ ነው፤ እጅ ያስገባል፤ ውፍረቱም ከግንዱ እስከ ጫፉ ያን ያህል አይለዋወጥም፤ ምክንያቱም ያደገው ከአፈር በታች ሆኖ ነው፤ ላዩ በከብት ኮቴ የተላጠ ነው። በእድገት የሰፋው ግርጌ ግን ከግንዱ ጋር አንድ አካል ሆኖ ይወፍራል፤ ከታቹ አፈር ጠቅጥቆ ይዟል። ይህን ልዩነት ማወቅ ለቦንሳይ አፍቃሪ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ሥሩ የተገለጠ ዋንዛ ያየ ገበሬ በላይኛው በኩል እርከን እንደሚያስፈልገው ከሥሩ ያነባል።

ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚለውን ተቃውሞ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ አንድ የጭብሃ ቁራጭ፣ አንድ የሸክላ ሰባራና አንድ መቀስ ቅንጦት አይባሉም። ከዚህ ይልቅ ሊያስፈራ የሚገባው ፈጠን ለማለት ሲባል የሚደረገው ቁፋሮ ነው። በሌላ አገር ቦንሳይ ሲስፋፋ የመጀመሪያው ተጎጂ በገደል ላይ ለዘመናት የቆየ ድንክ ዛፍ ነበር። ምሥራቅ ጎጃም ላይ የቀረው አሮጌ ወይራና ጥድ በአብዛኛው ያለው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርና በገደላማ ቦታ ነው። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ለይቶ ከመቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ ወይራ በስም ባይጠራም ከቅጥርና ከገደል ነቅሎ ማውጣት በሕጉ መንፈስም በአካባቢው ልማድም የሚያስነቅፍ ነው። ደግሞም አያስፈልግም፤ ሥሩ የተጠመጠመ ተብሎ ከተከላ የቀረ የችግኝ ጣቢያ ወይራ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። ተቆራርጦ የሚቀረው ቢበዛ ያ ውድቅ ችግኝ ነው።

ጊዜና አፈር የአገሩን መልክ ሊይዙ ይገባል። ጃፓናዊው የቡቃያውን ማበጥ ጠብቆ እንደሚቆርጠው፣ በብቸናና በሞጣ የተመቸው ጊዜ ግንቦት መጨረሻ ነው፤ ሙቀቱ ገና አለ፣ ዝናቡ ሊገባ ነው፣ የተቆረጠው ሥር እስኪተካ ቅጠሉ በእርጥብ አየር ይጠበቃል። በጥቅምት የተቆረጠ ሥር ከፊቱ የሚጠብቀው ውርጭና ረዥም ደረቅ ወራት ነው። ዋልካ አፈር ለዕቃ አይሆንም፤ ውኃ ሲጠጣ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ከዕቃው ግድግዳ ይላቀቃል። ከጣና ደቡብ ባለው የእሳተ ገሞራ ምድር የሚገኘው ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ድንጋይ ተወቅጦ ተነፍቶ፣ ከብስባሽ ጋር ሲደባለቅ፣ ጃፓኖች በሚገዙት ፍርፋሪ ፈንታ በሚገባ ያገለግላል፤ ውኃ ያሳልፋል፣ አየር ይይዛል፣ የሥር ጫፍም በየፍርፋሪው መካከል እየተከፋፈለ ይቀጥናል። ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በድብልቅ ላይ ሙከራ ቢያደርጉ ለችግኝ ጣቢያም ይተርፋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቆጠራ ነው። በመጀመሪያው ግንቦት የተተከለው የጭብሃ ቁራጭ በሦስተኛው ግንቦት ተገልብጦ ሲታይ፣ ዙሪያውን አራት ወይም አምስት ሥር ከያዘ በሸክላ ሰባራው ላይ ተዘርግቶ ይመለሳል፤ ቅርንጫፉም ለሌላ ሁለት ዓመት ሳይነካ ይለቀቃል። ሥሩ በአንድ በኩል ብቻ ከወጣ ግን ለማቃናት መልፋት አያስፈልግም፤ ከላይ ቀለበት ተላጦ አዲስ ግርጌ ይጀመራል፤ ሥር ይዞ ሲለይም ከታች የቀረው ጉቶ አጥር ዳር ቢተከል ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉም በበጋ ለከብት ይሆናል።